ጥያቄና መልስ፦ ለጥናት ብዬ በአይጥ ላይ ቀዶ ጥገና ብሠራ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? አራት ኪሎ አካባቢ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። ለመመረቂያ ጥናቴ በነጫጭ አይጦች ላይ ቀዶ ጥገና እሠራለሁ፤ ጥናቱ ሲያልቅ ይገደላሉ። አርብ የተሠሩትን እስከ ሰኞ የሚያያቸው የለም። ይህ ኃጢአት ነው? እጄስ ደም እየነካ ሥጋ ወደሙ መቀበል እችላለሁ?

መልስ፦ እኅታችን፣ እንኳን ጠየቅሽ። ለሰው መድኃኒት ለማግኘት ወይም ሐኪም ለማሠልጠን በእውነት ካስፈለገ፣ በእንስሳ መጠቀም በራሱ ኃጢአት አይደለም። እግዚአብሔር ሰውን በእንስሳት ላይ ሾሞታል (ዘፍ. 1፥28)። ሹመት ግን ያስጠይቃል። እህል የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር ያለው እርሱ ነው (ዘዳ. 25፥4)። ሰሎሞንም «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» ይላል (ምሳ. 12፥10)። «አይጥ ናት፣ ምን አለባት» የሚልሽ ካለ፣ ከድንቢጦች አንዲቱ ስንኳ በእግዚአብሔር ፊት እንደማትረሳ ጌታ መናገሩን አስታውሺው (ሉቃ. 12፥6)።

በሙያውም ቢሆን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በ1959 እ.ኤ.አ. ሦስት ነገር አሳስበዋል፤ ያለ እንስሳ የሚሠራውን ያለ እንስሳ መሥራት፣ ቁጥራቸውን መቀነስ፣ ሥቃያቸውን ማቅለል። መስፋት ለመልመድማ ሰው ሠራሽ ቆዳ አለ፤ በሕያው ገላ ላይ እጅ መፍታት ምን አመጣው?

ምላጩን ከማንሳትሽ በፊት የኋላ እግሯን ጣት ቆንጥጠሽ እዪ። እግሯን ከሰበሰበች ማደንዘዣው ገና አልያዛትም፤ ሰዓት ረፈደ ብለሽ አትቅደጂ። ተኝታ ሳለች ዓይኗ ስለማይከደን እንዳይደርቅ ቅባት አድርጊላት። ትንሽ ገላ ሙቀቱን ቶሎ ያጣልና ከሥሯ የሚሞቅ ነገር ይኑር። የሕመም ማስታገሻውም ከመቀደዷ በፊት ይጀመር።

እኔን ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ከአርብ እስከ ሰኞ ያለው ነው። አይጥ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ቀርቦ ላያት ሰው ግን ጀርባዋ ጎብጦ፣ ጠጉሯ ቆሞ፣ ዓይኗን አጥብባ ጥግ ይዛ ትገኛለች። ማስታገሻ ሳይሰጣት ሁለት ቀን እንዲህ ከከረመች በደሉ ከቀዶ ጥገናው ሳይሆን ከመተዋችን ነው፤ ይህን ኃጢአት አይደለም ልልሽ አልችልም። «ሰንበት ነው» ማለትም አያዋጣም። በሬው ወይም አህያው ጉድጓድ ቢወድቅ በሰንበት የማያወጣው ማን ነው ብሎ የጠየቀው ጌታ ነው (ሉቃ. 14፥5)። እሁድ ቅዳሴ አስቀድሺ፤ ከዚያ ሄደሽ እያቸው፣ መድኃኒታቸውን ስጪ። የሚተካሽ ከሌለ አርብ ቀን አትሥሪ፤ ወደ ሰኞ አዙሪው። አማካሪሽ ቢቆጣም በትሕትና፣ ግን ደጋግመሽ ንገሪው። ሥቃይዋ የማይቀል ከሆነ ደግሞ ቀኑ እስኪደርስ አታቆዪያት፤ ሳትሠቃይ እንድታርፍ አድርጊ።

ስለ ቁርባን የጠየቅሽው ቀላል ነው። በሥራ ምክንያት እጅሽን የነካው የእንስሳ ደም አያረክስሽም፤ ታጥበሽ፣ ልብስሽን ለውጠሽ ቅረቢ። በቆረብሽበት ዕለት ግን ቀዶ ጥገና አትያዢ፤ ያ ቀን የዕረፍትና የጸሎት ነው፣ ምላጭ ሲስትም የራስሽን ጣት ሊያደማ ይችላል። በዚያ ዕለት የሚጠብቃቸውን ሰው አስቀድመሽ አዘጋጂ። እስካሁን ሳይታዩ ስለከረሙት ኅሊናሽ ከወቀሰሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ቀኖናውን የሚሰጡሽ እርሳቸው ናቸው።