«ሦስት ጣት» ሲባል የማን ጣት ነው?

እህቴ፣ የስምንት ወር ልጅሽ ወተት ስለሚያስመልሰው «ከእጅ አንጓ ሦስት ጣት ከፍ ብሎ» የሚባለውን የአኩፕሬዠር (በጣት እየተጫኑ የማከም ዘዴ) ነጥብ ስትፈልጊ ጣቶችሽ ክንዱ አጋማሽ ላይ እንደደረሱብሽ ጽፈሻል። የሚለካው በልጁ ጣት ነው፤ በአንቺ ጣት አይደለም። ሥዕሎቹ የሚሣሉት በአዋቂ ሰው አካል ላይ ስለሆነ ብዙ እናቶች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው።

ቻይናውያን መለኪያውን ጹን ይሉታል። አንድ ጹን የታካሚው የራሱ አውራ ጣት ስፋት ነው፤ አራቱ ጣቶች አንድ ላይ ተገጥመው ሦስት ጹን ይሆናሉ። ልጁ ሲያድግ መለኪያውም አብሮት ያድጋል ማለት ነው። ግን የትኛው ሕፃን ነው ጡጫውን ፈትቶ ጣቱን የሚያስለካ? በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ከሕፃናት ጋር ስውል ለእኔ የሚቀለኝ ክንዱን መከፋፈል ነው። ከእጅ አንጓው መስመር እስከ ክርኑ መታጠፊያ 12 ጹን ተብሎ ይቆጠራል፤ የአንቺ ነጥብ ከአንጓው 2 ጹን፣ ማለትም ሦስት ጣት ያህል ላይ ነው። ክንዱን በዓይንሽ ለሁለት ክፈዪ፤ ወደ መዳፉ ያለውን ግማሽ ደግሞ ለሦስት። ከአንጓው ተነሥተሽ የመጀመሪያው ሲሶ የሚያልቅበት ቦታ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዓይንሽን ትተሽ በጣትሽ ፈልጊ። ነጥቡ ያለው በክንዱ ውስጠኛ ገጽ፣ በሁለት ጅማቶች መካከል ነው። አዋቂ ሰው ጡጫውን ጨብጦ አንጓውን ሲያጥፍ ጅማቶቹ ተገትረው ይታያሉ፤ የጠገበ ሕፃን ክንድ ላይ ግን ስብ ስለሚሸፍናቸው ያልለመደ እጅ አያገኛቸውም። ስለዚህ መጀመሪያ በራስሽ፣ ቀጥሎ በባለቤትሽ ክንድ ላይ ተለማመጂ፤ በሚታጠብ ቀለም ምልክት አድርጊበት። አንድ ጅማት ብቻ ብታገኚ አትደንግጪ፤ አንዳንድ ሰው የመሀለኛው ጅማት ከተፈጥሮው የለውም።

ለሆድ ይረዳል የሚባለው የእግር ነጥብም በዚሁ መንገድ ይገኛል፦ ከጉልበት ሎሚ ሥር በውጭ በኩል ካለው ጎድጓዳ ቦታ የልጁን አራት ጣት ያህል ወርዶ፣ ከቅልጥም አጥንቱ ጠርዝ አንድ ጣት ወደ ውጭ።

ደግሞም በአንዲት ነጥብ ምክንያት እንቅልፍ አትጪ። የዓለም ጤና ድርጅት የምዕራብ ፓስፊክ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2008 የ361 ነጥቦችን ቦታ ሲያሳውቅ፣ በስድስቱ ላይ ባለሙያዎቹ ሙሉ በሙሉ ሳይስማሙ ቀርተው አማራጭ ቦታ አብሮ ተጽፏል። በቻይና የሕፃናት ማሸት ደግሞ ብዙዎቹ ቦታዎች መስመር ወይም ሰፋ ያለ ገጽ እንጂ ነጥብ አይደሉም። ከመካከላቸው አንዱ በክንዱ ውስጠኛ ገጽ መሀል ለመሀል ከአንጓው እስከ ክርኑ ይሄዳል፤ የምትፈልጊውም ነጥብ እዚያው መንገድ ላይ ነው። እኔ ለሕፃን ከመጫን ይልቅ በሁለት ጣት በዘይት ቀስ ብሎ ማንሸራተት ይሻላል ባይ ነኝ። መጫን ካለብሽም ጥፍርሽን ተመልከቺ፤ ከነጣ ጉልበትሽ በዝቷል። ከጠባ በኋላ ወዲያው አትንኪው፤ ፊቱን ካዞረ ወይም እጁን ከሰበሰበ ተዪው።

አናት ላይ ያለውን ነጥብ ሥዕሉ ቢያሳይሽም እለፊው። እርግብግቢቱ እስከ አንድ ዓመት ተኩል አካባቢ ክፍት ሊሆን ስለሚችል እዚያ መጫን የለም።

የአንጓው ነጥብ በብዛት የተጠናው ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሚመጣ ማቅለሽለሽ ላይ ነው፤ ሕፃን ወተት ሲያስመልስ ያንኑ ያህል ይሠራል ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም። የሚያስመልሰው አረንጓዴ ከሆነ፣ በኃይል የሚወረወር ከሆነ፣ ሆዱ ከተነፋና ከጠነከረ ወይም ሰገራው ላይ ደም ካየሽ ነጥብ መፈለጉን ትተሽ ሆስፒታል ውሰጂው። ይህ ሁሉ ከሌለ ደግሞ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፦ ክብደቱ እንደ ወትሮው እየጨመረ ነው? እሱን አልጻፍሽልንም።