የራዶን ውጤት፦ 4.6 ይበልጣል ወይስ 160?

ራዶን ከመሬት ወጥቶ ቤት ውስጥ የሚጠራቀም፣ የማይታይና የማይሸት፣ ለሳንባ ካንሰር የሚያጋልጥ ጨረራ አመንጪ ጋዝ ነው። ወንድሜ፣ «ዴንቨር ያለው ቤቴ 4.6 ወጣ፣ ስቶክሆልም ያለችው እህቴ ግን 160 ነው አሉኝ ትላለች፤ የሷ ይህን ያህል የከፋ ነው?» ላልከው፦ አይደለም። እንዲያውም ያንተ ትንሽ ይበልጣል።

ያንተ ቁጥር በፒኮኪዩሪ በሊትር ነው፣ የሷ በቤክረል በሜትር ኩብ። 160 ቤክረል ማለት በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በየሰከንዱ 160 የራዶን አቶሞች ይፈርሳሉ ማለት ነው። 1 ፒኮኪዩሪ በሊትር 37 ቤክረል በሜትር ኩብ ስለሆነ፣ ያንተን በ37 ስታባዛው 170 ይሆናል፤ የሷን ለ37 ስታካፍለው 4.3 ገደማ።

ግራ የሚያጋባው ገደቡም ከአገር አገር መለያየቱ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከ4 (148 ቤክረል) ጀምሮ ቤቱን አስተካክሉ ይላል፤ ከ2 እስከ 4 ላለውም አስቡበት ይላል። የስዊድን 200 ቤክረል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 100ን ይመክራል፣ ካልተቻለ ከ300 እንዳያልፍ። ስለዚህ እህትህ ከአገሯ ገደብ በታች ናት፣ አንተ ካንተው በላይ፤ የምትተነፍሱት ግን ተቀራራቢ ነው። 3.9 ወጣልኝ ብሎ እፎይ የሚል ሰውም ራሱን ነው የሚያታልለው።

ሰው የሚዘነጋው የቀኑን ብዛት ነው። ስዊድን ውስጥ የሚለካው በማሞቂያ ወራት፣ ቢያንስ ለሁለት ወር ነው። ያንተ የከሰል ቆርቆሮ (ራዶን የሚስብ ከሰል ያለበት፣ ቤት ተቀምጦ ወደ ላብራቶሪ የሚላክ መመርመሪያ) ከሆነ ግን የጥቂት ቀን ውጤት ነው፤ ራዶን ደግሞ ከነፋሱና ከብርዱ ጋር ይወጣል ይወርዳል። መስኮትና የውጭ በር ከምርመራው 12 ሰዓት በፊት ጀምሮ ካልተዘጋ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ቆርቆሮውም እንዳበቃ በዚያው ቀን ይላክ፦ ራዶን በ3.8 ቀን ግማሹ ስለሚጠፋ፣ ፖስታ ቤት የዘገየ ናሙና ለላብራቶሪው ብዙም አይነግረውም።

(ወረቀቱ ላይ 0.02 «ወርኪንግ ሌቭል» (ሌላ የራዶን መስፈሪያ) የሚል ካየህ ትንሽ መስሎህ አትደሰት፤ እሱ ራሱ 4 ፒኮኪዩሪ ገደማ ነው። የጉድጓድ ውሃ ውጤትም በፒኮኪዩሪ በሊትር ይጻፋል፤ በውሃው ያለው 10,000 ለቤቱ አየር የሚጨምረው 1 ያህል ነው።)

4.6 ለጥድፊያ የሚያበቃ (ከ8 በላይ) ስላልሆነ ከ90 ቀን በላይ የሚቆይ መለኪያ ግዛ። ሰው በሚኖርበት ዝቅተኛ ፎቅ፣ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ከፍ፣ ከመስኮት አንድ ሜትር ራቅ አድርገህ አስቀምጠው፤ ኩሽናና መታጠቢያ ቤት አይሆንም። ዲጂታል ከገዛህ መጀመሪያ ሴቲንጉ ውስጥ ገብተህ ቁጥሩ በፒኮኪዩሪ ይሁን በቤክረል እይ፣ ከዚያም የዛሬውን ሳይሆን የረጅም ጊዜውን አማካይ አንብብ።