የማዳበሪያው መዝገብ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በምሥራቅ ጎጃም የምኖር አርሶ አደር ነኝ። የኅብረት ሥራ ማኅበራችን ለአባላት ካመጣው ዩሪያ ከፊሉ በሌሊት እየተጫነ ለነጋዴ መሸጡን ሰምተን ለወረዳው ፖሊስ አመለከትን፤ ጭነቱ በደጀን ወርዶ ዐባይን ተሻግሯል ይባላል። መዝገቡ ግን በፖሊስና በዐቃቤ ሕግ መካከል ሲመላለስ ክረምቱ አለፈ። ጉዳዩን በቀጥታ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ማቅረብ እንችላለን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 943 የተቋቋመው የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥልጣኑ በ2014 ዓ.ም. ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ስለ ዞረ፣ ዛሬ በፌዴራል ደረጃ የሚከስሰው ይኸው ሚኒስቴር ነው። የፀረ ሙስና ኮሚሽኑም ቀድሞ ራሱ ይመረምርና ይከስስ ነበር፤ ከ2008 ወዲህ ግን ጥቆማ ይቀበላል፣ ሀብት ይመዘግባል እንጂ ክስ አይመሠርትም።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በቴሌቪዥን ቀርበው የመንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ከ37 ቢሊዮን ብር በላይ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ሲገልጹ ያየ ሰው፣ ዐቃቤ ሕግ በፈለገው ሰዓት ተነሥቶ ሌባ የሚይዝ ሊመስለው ይችላል። ያ መግለጫ ግን ወራት የፈጀ ምርመራ ተከትሎ የመጣ ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት መዝገብ የደረሰው ዐቃቤ ሕግ ሊከስስ፣ ተጨማሪ ምርመራ ሊያዝዝ ወይም አያስከስስም ብሎ ሊወስን ይችላል፤ ስለዚህ የመዝገቡ መመለስ ብቻውን የተንኮል ምልክት አይደለም፤ አንድ ክረምት ሙሉ መመላለሱ ግን በእኔ እምነት ምክንያቱ በጽሑፍ ሊጠየቅበት የሚገባ ነው።

ማኅበሩ የመንግሥት ስላልሆነ ሙስና አይባልም የሚልዎት ካለ አይስሙት። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ከአባላት የተሰበሰበ ገንዘብና ንብረት የሚያስተዳድር ድርጅትን ይጨምራል። (ዕድርን ለይቶ መተዉን ብዙ ሰው አያውቅም።)

ክልሉ የራሱ ዐቃብያነ ሕግ ስላሉት መንገዱ ከወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ወደ ደብረ ማርቆስ የዞን መምሪያ፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወዳለው ቢሮ ነው። ነገር ግን ማዳበሪያው በእርግጥ ዐባይን ተሻግሮ ጎሐ ጽዮን ወይም ከዚያ ወዲያ ተራግፎ ከሆነ፣ ወንጀሉ ሁለት ክልሎችን ስለሚነካ የፌዴራል ጉዳይ የሚሆንበት በር ይከፈታል፤ የመጋዘን ጠባቂው፣ ሾፌሩና ነጋዴው ተመካክረው የሠሩ መሆኑ ሲረጋገጥም እያንዳንዱ ለየብቻው ሳይሆን እንደ አንድ የወንጀል ሰንሰለት ይታያሉ።

ለዚህ ሁሉ «ሰምተናል» አይበቃም። የመጋዘኑ ገቢና ወጪ ሰነድ፣ የመኪናው ሰሌዳና የጭነቱ ቀን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ኩንታል እንኳ ያልደረሳቸው አባላት ስም አጠገብ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ የሰፈረበት የእደላ ዝርዝር ካለ፣ የት እንደሚገኝ ለመርማሪው ይጠቁሙ፤ ሰነዱን ግን ራስዎ ከመጋዘን አያውጡ።

ምስክሮቻችሁ ከፈሩ፣ የ2003ቱ የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 አለ፤ የሚሠራው ግን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ሊያስቀጣ ለሚችል ወንጀል ስለሆነ፣ ዐቃቤ ሕጉ ጉዳዩን በየትኛው አንቀጽ እንደያዘው አስቀድመው ይጠይቁ።