ሪግ ላይ ሥራ አለ፣ በቴሌግራም ግን አይሸጥም

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። 26 ዓመቴ ነው፣ ሥራዬ ብየዳ ነው። በርና መስኮት፣ የመኪና ቦዲ፣ አንዳንዴም የውሃ ታንከር እሠራለሁ። ሰሞኑን አንድ ሰው በቴሌግራም አገኘኝና ባሕር ላይ ነዳጅ የሚቆፍር ሪግ በያጅ ይፈልጋል፣ ደሞዙ በወር 9,000 ዶላር ነው አለኝ። ማኅተም ያለው የቅጥር ደብዳቤም ልኮልኛል። ለቪዛና ለሥልጠና 120,000 ብር አስቀድመህ ክፈል ይላል። አጎቴ ላበድርህ ብሎኛል። እኔ ግን ከቦርከና ሌላ ውሃ አላውቅም፣ ዋናም አልችልም። ልሂድ ወይ?

(በ.ዓ.)

መልስ፦ መጀመሪያ ለአጎትህ ደውልና ብሩን እንዳይነካው ንገረው። ማኅተሙን ተወው፣ ማኅተም ማንም ያስቀርጻል።

ሥራው ግን አለ። እኔም ወደ ደሴ ከመመለሴ በፊት የዓረቦቹ ባሕረ ሰላጤ ላይ፣ ሦስት እግሩን ባሕር ወለል ላይ ተክሎ በሚቆም ሪግ፣ ሰባት ዓመት በመካኒክነት ሠርቻለሁ። ስለዚህ የምነግርህ የሰማሁትን አይደለም። ሥራህን ሳያይ፣ ሳይፈትንህ፣ ቃለ መጠይቅ እንኳ ሳያደርግልህ በያጅ የሚቀጥር ሪግ የለም። ደግሞም በውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕጉ መሠረት ወደ ውጭ ለሥራ ስትሄድ ቪዛውንና የአውሮፕላን ትኬቱን የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ላኪው ኤጀንሲም ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ሰውየው ፈቃድ ካለው ያሳይህ፣ ቁጥሩን ይዘህ ሥራና ክህሎት ሄደህ ጠይቅ። ሲቆጣ ታየዋለህ።

አሁን ወደ እጅህ እንምጣ፣ ዋናው እሱ ነውና። በርና መስኮት የሚበይድ እጅ መጥፎ እጅ አይደለም፣ ግን እዚያ የሚፈተነው በቧንቧ ነው። ሲክስ ጂ ይሉታል። ቧንቧው 45 ዲግሪ ዘመም ብሎ ይታሰራል፣ አይዞርም፣ የምትዞረው አንተ ነህ፤ ከሥር አንገትህን ሰብረህ ጀምረህ፣ በጎን ዞረህ፣ ከላይ ትጨርሰዋለህ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው መስመር በአርጎን ጋዝ ብየዳ ይሄዳል፣ መሙያው በ7018 ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ)። አንተ ምናልባት የለመድከው 6013 ነው። 7018 እርጥበት አይወድም፣ በምድጃ ሞቆ ነው የሚቀመጥ፤ እርጥብ ከሆነ ብየዳው ከላይ አምሮ ቆይቶ ውስጡ ይሰነጠቃል። ስትጨርስ ወይ በራጅ ያዩታል ወይ ቆርጠው ያጥፉታል። ሲታጠፍ አፉን ከከፈተ ወደቅህ፣ ወደ ቤትህ።

ይህን ለመልመድ ባሕር አያስፈልግህም። ያለኸው ፋብሪካ በሞላበት ከተማ ነው። ግፊት የሚሸከም የእንፋሎት ቧንቧ ያለው ፋብሪካ ፈልግ፣ ጥገና ክፍሉ ውስጥ በአነስተኛ ደሞዝም ቢሆን ግባ። ከ120,000ው ትንሽ ቆንጥረህ ኤሌክትሮድና ቁርጥራጭ ቧንቧ ብትገዛበት ይሻልሃል።

ሌላው ነገር ወረቀት ነው። እዚህ በነጠላ ጫማና በፀሐይ መነጽር አርኩን ታበራለህ፣ ማንም አይጠይቅህም (አይቻችኋለሁ)። ሪግ ላይ አንድ ብልጭታ ለማውጣት የተፈረመ የሥራ ፈቃድ ይወጣል፣ ጋዝ ይለካል፣ ባልደረባህ የእሳት ማጥፊያ ይዞ አጠገብህ ይቆማል። መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል። ግን በፈረንጆቹ 1988 በሰሜን ባሕር ፓይፐር አልፋ በሚባል የነዳጅ መድረክ ላይ ምን እንደሆነ ስማ። ቀን ላይ ከአንድ ፓምፕ መስመር የደኅንነት ቫልቩን ለጥገና ፈትተው ቦታውን በክዳን ዘጉት። ማታ የገባው ፈረቃ ቫልቩ መፈታቱን አላወቀም፣ የሥራ ፈቃዱን ወረቀት አላየውም፣ ፓምፑን አስነሳው። ጋዙ ወጣ፣ 167 ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሰው ወረቀቱን አይቀልድበትም።

ስለ ውሃው አብሽር። ቦሲየት የሚሉት የባሕር ላይ ደኅንነት ሥልጠና አለ፣ ሦስት ቀን ገደማ ይወስዳል፣ ወረቀቱ አራት ዓመት ያገለግላል። የሄሊኮፕተር አምሳያ ውስጥ ታስረህ ገንዳ ውስጥ ይከቱሃል፣ ይገለብጡሃል፣ ቀበቶህን ፈትተህ በመስኮት ትወጣለህ። አፍንጫህ ውሃ ይሞላል። ዋና አለመቻልህ ብቻውን አይጥልህም፣ መደንገጥ ነው የሚጥል። አንድ መንዲስ የሚያክል ጓደኛዬ ወጥቶ ሲያለቅስ አይቻለሁ፣ በማግስቱ ደግሞ አለፈ።

ገንዘቡስ? ደህና ነው፣ ግን ለጀማሪ እንደሚወራው አይደለም። ቀኑ 12 ሰዓት ሥራ ነው፣ 28 ቀን ገብተህ 28 ቀን የምታርፍበት አለ፣ ከዚያም በላይ የሚያቆዩ አሉ። ብዙ ቦታ የሚከፈልህ ሪጉ ላይ ላለህበት ቀን ብቻ ስለሆነ እረፍቱ ያለ ደሞዝ ይሆናል፣ ስትፈርም እሱን ጠይቅ። የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ ደግሞ ሪጉ ይቆማል፣ አንተም ትቆማለህ። በፈረንጆቹ 2014 በርሜሉ ከ100 ዶላር በላይ ነበር፣ በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ወረደ፣ ያኔ በየሀገሩ ስንቱ ሠራተኛ ሻንጣውን እንደያዘ ቀረ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ ፒያሳ ሆቴል ውስጥ ምግብ አብሳይ ነኝ። ለሴት የሚሆን ሥራ እዚያ አለ?

(ሰ.)

መልስ፦ አለ እህቴ። ሪግ ላይ መቶ ሰው ይኖራል፣ ሌሊት የሚሠራም ስላለ እኩለ ሌሊት ላይም ገበታ ይቀርባል። አብሳይ፣ ጋጋሪ፣ አልጋ አንጣፊ፣ አጣቢ ይቀጠራል፣ አለቃው ካምፕ ቦስ ይባላል። ቀጣሪው ግን ቆፋሪው ኩባንያ ሳይሆን ምግብ አቅራቢው ነው፣ ማመልከቻሽን ለእነሱ ላኪ። ሴት በጣም ጥቂት ነው፣ ባሕረ ሰላጤው ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ስለዚህ ማደሪያው እንዴት እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። የምግብ ንጽሕና ወረቀትና እንግሊዝኛ ያስፈልግሻል። ጀበናና ከሰል ግን እርሺው፣ ላይተር እንኳ ሄሊኮፕተር ከመሳፈርሽ በፊት ነው የሚቀሙሽ።