ለስሜን ጉዞ የመኝታ መኪና፦ ሚኒባስ ይሻላል ወይስ ፒክአፕ?

ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ከባሕር ዳር ተነስተህ ባለቤትህንና ሁለት ልጆችህን ይዘህ በታኅሣሥ ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ልትወጣ፣ ሦስት ሌሊት መኪና ውስጥ ልታድር አስበሃል። ያገለገለ ሃይሩፍ ሚኒባስ ልግዛ ወይስ ያለኝ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ላይ የመኝታ ሣጥን ላሠራ፣ ማሞቂያስ የቱ ይሻላል ብለሃል። ባጭሩ ሚኒባሱን ግዛ። ለማሞቂያ ያሰብከውን ገንዘብ ደግሞ ለወለሉ፣ ለመስታወቱና ለአየር መተላለፊያው አውለው።

ፒክአፑን የማልመክርህ በልኬቱ ነው። የደብል ጋቢና የጭነት ቦታ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ አዋቂ ሰው እግሩን ዘርግቶ አይተኛበትም። ስለዚህ ሣጥኑ ወይ ከጋቢናው በላይ ይወጣል ወይ ወደ ኋላ ይንጠለጠላል። ወደ ላይ ከወጣ መኪናው ከደባርቅ በላይ ባለው የጠጠር መንገድ በየኩርባው ይወዛወዛል። ወደ ኋላ ከተንጠለጠለ ባሌስትራው ይጎብጣል፣ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው አልታዘዝ ይላል። በአርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) እና በላሜራ የተበየደ ሣጥን ብቻውን ስንት መቶ ኪሎ እንደሚመዝን ብየዳ ቤቱን ጠይቅ፤ በዚያ ላይ የእናንተን ኪሎ፣ ውሃውንና ዕቃውን ደምረህ ሊብሬው ላይ ከተጻፈው የመጫን አቅም ጋር አስተያየው። ሌላም ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፦ ፓርኩ ውስጥ የሚገባ ሰው ከደባርቅ ስካውት (የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ) ይዞ ነው የሚሄደው፤ ስካውቱም መቀመጫ ይፈልጋል። ሚኒባስ ላይ ከሾፌሩ ኋላ ያለውን አንድ ረድፍ ሳትነቅል ተወው።

ሚኒባስ ስትመርጥ ዶልፊን ይሁን አባዱላ ብለህ አትጨነቅ፤ ሞተሩን እይ። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ፓርኩ ውስጥ የምታድርበት ጨነቅ ግን ከ3,600 ይበልጣል። እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ብቻ ስለሆነ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋውን ያጣል፤ ናፍታውም በደንብ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ቱርቦ ያለው ብታገኝ ይሻላል። 5ኤል የሚባለውን የቶዮታ ናፍታ ሞተር ብታገኝም ግን አትተወው፤ ቱርቦ ባይኖረውም መለዋወጫው በየከተማው አለ፣ የማያውቀው መካኒክም የለም። አንተ ጭነቱን ቀንስ፣ ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ ሳትቸኩል ውጣ። ቁልቁለቱንም በዚያው ማርሽ ውረድ፤ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ይግልና እግሩ ሥር ይጠፋበታል።

ራዲያተሩን ሳትነካ እንዳትወጣ። ባሕር ዳር ላይ ውሃ ብቻ ሞልቶ ዓመት የሚነዳ ብዙ ነው። ውሃ ጨነቅ ላይ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን የሚያሳድረው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ሞተሩ ዳገት ላይ ይፈላል፣ ሰውም ቴርሞስታት ነው ብሎ ይፈታል። አዲስ ክዳን ግዛ። ውሃውን ሙሉ በሙሉ አስወጥተህ አንድ እጅ አንቲፍሪዝ በሁለት እጅ ውሃ አድርገህ ሙላ። በዚያ ወቅት ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ይህ ልክ ከበቂ በላይ ይከላከልልሃል፣ ዝገትም ያስቀራል።

አሁን ወደ ውስጡ። የኋላዎቹን ወንበሮች ስትነቅል ብሎኖቹን በላስቲክ ቋጥረህ አስቀምጥ፤ ቀዳዳዎቹም ለአልጋው እግር ማሰሪያ ይሆኑሃል። መኪናው ሲመለስ ወንበሩ ተመልሶ የሚገባ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። በቋሚነት ልትቀይረው ካሰብክ ግን አስቀድመህ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አስፈቅድ፤ አለዚያ ቦሎ ስታወጣ ትቸገራለህ።

አልጋውን በመኪናው ርዝመት ዘርጋው፤ በወርዱ ካደረግከው ረጅም ሰው ጉልበቱን አጥፎ ያድራል። ፍሬሙ 40 በ20 አርኤችኤስ ይበቃዋል። ከፍታውን ቢጫው ጀሪካን ጋደም ብሎ እንዲገባ ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር አድርገው። ላዩ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ጣል፤ ደፍነህ ግን አትተወው፣ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ አስበሳው። ስፖንጁ ከ8 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ሰውነት ሲጫነው ከሥር የሚቀረው ስስ ብቻ ስለሆነ ሰውየው ሦስት ብርድ ልብስ ቢደርብም ብርዱ ከታች ወደ ላይ ይወጋዋል። በስፖንጁና በጣውላው መካከል ሰሌን፣ ወይም ከጣና ዳር በደረቀ ደንገል የተሠራ ምንጣፍ ብታነጥፍ ጥሩ ነው። የደንገል አገዳ ውስጡ አየር የያዘ ስለሆነ ብርድ ይከላከላል፣ እርጥበትም ያስተነፍሳል። እንደረጠበ ከቆየ ግን ስለሚሻግት ጠዋት ጠዋት አውጥተህ ፀሐይ አስመታው። ሁለቱ ልጆች ትንንሽ ከሆኑ አንዱን ከፊት ወንበሮቹ ላይ በሚጋደም ሳንቃ አስተኛው። ርዝመቱን ግን ልጁን አስተኝተህ ለካ፣ በግምት አትቁረጥ።

ለወለሉ ለስፖርት የሚነጠፈውን 10 ሚሊ ሜትር ፎም ሁለት ድርብ አድርገህ ከበር እስከ በር አንጥፍ። ከዚያ መስታወቱ። ሚኒባስ ዙሪያውን መስታወት ነው፣ ሙቀቱም በዋናነት የሚያመልጠው በዚያ ነው። ለእያንዳንዱ መስታወት ካርቶን በልኩ ቁረጥ፣ በካርቶኑ ልክ ፎም ቁረጥ፣ ፎሙን ጎማው ውስጥ ጥብቅ ብሎ እንዲቆም ከዳር ዳር ግማሽ ሳንቲ ሜትር አስፋው። መጋረጃ ይህን አይተካም፤ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው አየር ቀዝቅዞ ወደ እግርህ ይወርዳል።

ታዲያ ሁሉንም ደፍነህ እንዳትተኛ! አራት ሰው ሲተኛ በትንፋሽና በላብ የሚያወጣው እርጥበት በአንድ ሌሊት ወደ አንድ ሊትር ውሃ ይጠጋል። ያ እርጥበት ቀዝቃዛ ላሜራ ሲያገኝ ውሃ ይሆናል፤ ጠዋት ጣራው ይንጠባጠባል፣ ጋቢው ይርሳል፣ በሁለተኛው ሌሊት የረጠበ ጋቢ ለብሶ የሚሞቅ ሰው የለም። ብዙ ሰው መኪናው ቀዘቀዘኝ የሚለው በእርጥበቱ ነው። መፍትሔው ሁለት ክፍተት ነው፦ አንዱ መስታወት ከፊት፣ ሌላው በተቃራኒው ጎን ከኋላ፣ ሁለት ሁለት ጣት ክፍት ይደሩ። ይቀዘቅዛል ብለህ አትፍራ፤ ደረቅ አየር በወፍራም ብርድ ልብስ ይቻላል። ማታ ውስጥ ምግብ አታብስል፤ አንድ ኪሎ ጋዝ ሲነድ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይለቅቃል።

ከሰል ጨርሶ መኪና ውስጥ አይግባ። ለቡና ትንሽ ነው፣ ፍሙ ጭስ የለውም፣ በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ የሚል ሰው ይኖራል። አደገኛው ደግሞ ጭስ የሌለው ፍም ራሱ ነው፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ከፍታው ላይ ደግሞ ኦክስጅኑ አስቀድሞ ስላነሰ ጉዳቱ ይፈጥናል። የመጀመሪያው ምልክት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ስለሆነ ሰው የከፍታው ሕመም ነው ብሎ ተመልሶ ይተኛል። የሁላችሁንም ራስ እኩል ካመመ መጀመሪያ ሁሉንም ከመኪናው አውጣ፣ ምክንያቱን በኋላ ትፈልጋለህ። ቡናው ውጭ ይፈላ፣ ፍሙም ውጭ ይደር።

የናፍታ ማሞቂያ ለሦስት ሌሊት አያስፈልግህም። ካልቀረ ግን ለከፍታ የሚስተካከለውን ዓይነት ምረጥ። ተራው ዓይነት በዚያ ከፍታ ናፍታው በዝቶበት ጥላሸት ይይዝና ቆይቶ አልነሳ ይላል። የጭስ ማውጫው በወለሉ ወጥቶ ከመኪናው ሥር አልፎ ወደ ጎን ይውጣ፤ ከመኪናው ሥር ከቀረ ጋዙ ተመልሶ ይገባል።

ለመብራት አንድ 100 አምፒር ሰዓት ተጨማሪ ባትሪ በቂ ነው። ግማሹን ብቻ ተጠቀም፤ ብርድ ውስጥ አቅሙ ይቀንሳል፣ ከግማሽ በታች ከወረደም ዕድሜው ያጥራል። ሁለት ባለ 5 ዋት አምፖልና የአራት ስልክ ቻርጅ በሌሊት ከ10 አምፒር ሰዓት ብዙም አያልፍም። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ይቀመጥ፤ ርቆ ከተቀመጠ ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ሲላላጥ መኪናው ይቃጠላል። ፍሪጅ አትግዛ፣ ውጭው ራሱ ፍሪጅ ነው።

ውሃውን ፖርቶመጋላ ላይ አትጫን፤ ይቀዘቅዛል፣ ክብደቱንም ወደ ላይ ያወጣዋል። ለምግብ ምስርና ባቄላ ትተህ ድርቆሽና ሽሮ ያዝ፤ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልልህም፣ ወይም የግፊት ድስት ያዝ።

አዳራችሁን እንዲህ አድርገው፦ የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ በ2,850፣ ሁለተኛውን ሳንቃ በር በ3,250፣ ሦስተኛውን ጨነቅ። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ መጨመር የለበትም። ከልጆቹ አንዱ ካስመለሰው፣ ግራ ካጋባው ወይም ሲራመድ ከተንገዳገደ እስኪነጋ አትጠብቅ፣ ውረድ። የመንገዱን ሰላም ከመነሳትህ በፊት ከሚያውቅ ሰው አጣራ።

ከጉዞው በፊት ሁለት ሌሊት ሞክረው። አንዱን ጣና ዳር፤ እዚያ የምትፈትነው ትንኙንና እርጥበቱን ነው፣ ለሁለቱ ክፍተቶች ወንፊት ያስፈልግህ እንደሆነ ታያለህ። ሌላውን ወደ ጉና አቅጣጫ፣ ከደብረ ታቦር አለፍ ብለህ፤ እዚያ ብርዱ ይታያል። ጠዋት ከእንቅልፍህ እንደተነሳህ ስፖንጁን አንሳና ጣውላውን በመዳፍህ ዳስሰው። እርጥብ ከሆነ ቀዳዳ ጨምርበት፤ ደረቅ ሆኖ ጣራው ብቻ ካላበው መስታወቱን አንድ ጣት ጨምረህ ክፈት።