ዳታሽን ስጪ፣ ሰዎቹን ግን አትስጪ

የዛሬው ጥያቄ የመጣው በፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርሷን ከጨረሰች ወጣት ነው። ለመመረቂያ ጽሑፏ 380 ቤተሰቦችን በመጠይቅ፣ 22 የወረዳ አመራሮችንና ባለሙያዎችን ደግሞ በቃለ መጠይቅ አነጋግራለች። አሁን ውጭ አገር ያለ አንድ ተመራማሪ «ጥሬ ዳታሽን ላኪልኝ» ብሏታል። ጽሑፏን ልትልክለት ያሰበችው ጆርናልም ዳታውንና ኮዱን፣ ማለትም ዳታውን የተነተነችበትን የኮምፒውተር ትዕዛዝ፣ ይጠይቃል። «ስንት ወር በእግሬ ዞሬ የሰበሰብኩትን ሌላ ሰው ቀድሞኝ ቢያሳትምበትስ? ደግሞስ ዳታ ማካፈል ለሥራ ፍለጋዬ ምን ይጠቅመኛል?» ትላለች።

እህቴ፣ ስጋትሽ ይገባኛል። ግን ቀድመሽ መጨነቅ ያለብሽ በሌላ ነገር ነው፤ እሱን እናስቀድም።

መላሾችሽ የተስማሙበትን የስምምነት ቅጽ አውጪና ቃል በቃል አንብቢው። ብዙ ተማሪ ቅጹን ከቀደመው ተማሪ ይገለብጥና «የሚሰጡት መረጃ ለዚህ ጥናት ብቻ ይውላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር አብሮ ይገባል። ያንቺም ላይ ካለ ቃል ገብተሻል ማለት ነው። የወረዳው ባለሙያ ቢሮውን ዘግቶ ስለ አለቆቹ ቢነግርሽ ያንን ቃል አምኖ ነው። ስለዚህ የቃለ መጠይቁ የድምፅ ቅጂም ሆነ ከድምፁ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠው ለማንም አይሄድም፣ የቱንም ያህል ታዋቂ ፕሮፌሰር ቢጠይቅሽ። ማካፈል ከፈለግሽ ሁለት መንገድ አለሽ። አንዱ ሰዎቹን እንደገና ደውለሽ ፈቃድ መጠየቅ ነው። ሌላው ደግሞ መጠይቁን፣ የናሙና አመራረጥሽን፣ የዳታውን መግለጫና ኮድሽን ብቻ መስጠት ነው፤ ይህም ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ጆርናሉን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ምክንያት ሲቀርብላቸው ይረዳሉ፤ ግን ገና ጽሑፉን ስትልኪ ንገሪያቸው፣ ተቀባይነት ካገኘሽ በኋላ አይደለም።

ቅጽሽ ማካፈልን የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ ስም መሰረዝ ብቻ በቂ እንዳይመስልሽ። «ሴት፣ 34 ዓመት፣ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ እንዲህ የሚባል ወረዳ» ብለሽ ካስቀመጥሽ፣ ወረዳው ውስጥ ሻይ የሚጠጣ ሰው ሁሉ ማን እንደሆነች ያውቃታል። ዕድሜን «ከ30 እስከ 39» እያልሽ በቡድን አድርጊው፣ ወረዳውን ወደ ዞን አሳድጊው፣ የሥራ መደቡን «የወረዳ ባለሙያ» ብለሽ እለፊው። ዲኤችኤስ የሚባለው ትልቁ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ የናሙና ቦታዎቹን ጂፒኤስ ለተመራማሪዎች ሲሰጥ ሆን ብሎ ያዛባዋል። ከተማ ላይ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ ገጠር ላይ እስከ 5፣ ከገጠሩ ጥቂቱን ደግሞ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ያንቀሳቅሰዋል።

ይህን አጥብቄ የምነግርሽ ያየሁት ነገር ስላለ ነው። ከዓመታት በፊት ለሥልጠና የሚሆን ዳታ ከአንድ መሥሪያ ቤት በቴሌግራም ተላከልኝ። ስሞቹ ተሰርዘዋል። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ግን የመላሾቹ ስልክ ቁጥር ቁጭ ብሏል፣ ከጎኑ ደግሞ ስለ መንግሥት የሰጡት አስተያየት። ያ ፋይል እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት በስንት ሰው ስልክ እንዳለፈ ማን ያውቃል? ፖለቲካ ነክ ጥናት ላይ አንድ የተረሳ ዓምድ ሰውን እንጀራውን ሊያሳጣው ይችላል። አሁን ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አንብቢው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢም ይጠቅምሻል።

አሁን ወደ ስጋትሽ። ዳታሽን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ብትልኪ አዎ፣ መነጠቅ አለ። ያንቺ መሆኑን የሚያሳይ ምንም የለማ። ሃርቫርድ ዳታቨርስ የሚባለው የጥናት ዳታ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ብታስቀምጪው ግን በነፃ ነው፣ በስምሽ ይመዘገባል፣ ዲኦአይ የሚባል የማይለወጥ መለያ ቁጥር ይሰጥሻል፣ የተጠቀመበት ሁሉ ሊጠቅስሽ ይገባል። ፋይሉን ቆልፈሽ «የፈለገ ይጠይቀኝ» ማለትም ትችያለሽ። ለቃለ መጠይቅ ጽሑፎች ደግሞ አሜሪካ ሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ዳታ ብቻ የተቋቋመ ማከማቻ አለ። ወደ አገር ቤት ስንመጣም፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኢትዮጵያ የኦፕን አክሰስ (ጥናት ለሁሉም ክፍት ይሁን የሚል) ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ጥናትን ከነዳታው ይመለከታል። ስለዚህ ከመስጠትሽ በፊት አማካሪሽንና ዩኒቨርሲቲሽን አነጋግሪ፣ ዳታው ያንቺ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ስለ ሥራው ደግሞ አንድ ታሪክ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት ታዋቂ ኢኮኖሚስቶች፣ ራይንሃርትና ሮጎፍ፣ የመንግሥት ዕዳ ከአገር ውስጥ ምርት 90 በመቶ ሲያልፍ ዕድገት ክፉኛ ይወድቃል የሚል ጽሑፍ አወጡ። በጀት ይቆረጥ የሚሉ ፖለቲከኞች በአውሮፓም በአሜሪካም ጠቀሱት። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት ይማር የነበረው ቶማስ ሄርንደን ለክፍል ሥራ ቁጥሩን ራሱ ሊያወጣው ሞከረ፣ አልመጣለትም። ጻፈላቸው፣ የኤክሴል ፋይሉን ሰጡት። ከፍቶ ሲያየው አማካዩ ሲሰላ 5 አገሮች ቀርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከመምህራኖቹ ጋር ባወጣው ጽሑፍ፣ ይህንና ሌሎች የአሠራር ችግሮችን ሲያስተካክሉ −0.1 በመቶ የተባለው ዕድገት 2.2 በመቶ ሆነ። ኢኮኖሚስቶቹ የኤክሴሉን ስህተት አመኑ፣ በዋናው ሐሳባቸው ግን ጸኑ። እኔ ፋይሉን በመስጠታቸው አከብራቸዋለሁ። ባይሰጡት ኖሮ ያ ቁጥር እስከ ዛሬ በየፓርላማው ይጠቀስ ነበር። የአሜሪካን ጆርናል ኦፍ ፖለቲካል ሳይንስም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ጽሑፍ ከማተሙ በፊት ኮዱን በሌላ ሰው አስሮጦ ውጤቱ መምጣቱን ማረጋገጥ ጀምሯል።

አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ፎልደርሽን ስለ ጥናትሽ ምንም ለማያውቅ ጓደኛሽ ስጪውና በራሱ ላፕቶፕ ላይ ያስኪደው። «ይሄ q17 የሚል ዓምድ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅሽ መግለጫሽ ላይ የጎደለውን ታገኚዋለሽ። ኤንጂኦውም፣ የምርምር ተቋሙም፣ የክትትልና ግምገማ ክፍሉም ሲቀጥር ይህን የሚችል ሰው ይፈልጋል። እኔ የቅጥር ወረቀት ሳይ «ስቴታ (የዳታ መተንተኛ ሶፍትዌር) ጎበዝ ነኝ» የሚለውን አልፈዋለሁ፣ ሁሉም ይጽፈዋልና። ሊንክ ያለው ሲሆን ግን ከፍቼ አያለሁ። ሲቪሽ ላይ «ዳታና ኮድ» የሚል ርዕስ ክፈቺ፣ ከሥሩ የዳታውን ስም፣ ዓመቱንና ዲኦአዩን አስቀምጪ። የመላሾችሽን ማንነት እንዴት እንደጠበቅሽ በአንድ መስመር ጨምሪበት።

ለተመራማሪው ለጊዜው በትሕትና እንዲህ በይው፦ የስምምነት ቅጼ ምን እንደሚፈቅድ እያየሁ ነው፣ መስጠት የምችለውን አዘጋጅቼ ስጨርስ ሊንኩን እልክልሃለሁ፣ እስከዚያው ለምን ጥናት እንደምትፈልገው ጻፍልኝ። የስምምነት ቅጽሽን ዓረፍተ ነገር ደግሞ እንዳለ ገልብጠሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።