ለወንድሜ ያልተቀየረ መድኃኒት ለኔ ለምን?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ 26 ዓመቴ ነው ባይፖላር (ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚወጣበት አንዴ የሚወርድበት የአእምሮ ህመም) አለብኝ፣ ታላቅ ወንድሜም አለበት። ሁለታችንም ቫልፕሮኤት ነው የምንወስደው፣ እኔ ከጀመርኩ 3 ዓመቴ አንዴም አልተነሳብኝም። አሁን ሰርጌ ደርሷል፣ ሐኪሜ ግን ወደ ሊቲየም ልቀይርልሽ አለኝ፣ ወንድሜን ምንም አላሉትም። እናቴ ደሞ ሁሉንም ተይና ጸበል ግቢ ትላለች። ግራ ገባኝ።

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። በቅድሚያ ግን በራስሽ እንዳታቆሚው፣ ድንገት ሲቋረጥ ህመሙ ብሶ ሊመለስ ይችላል።

ሐኪምሽ ልክ ነው። ቫልፕሮኤት ለማኒያ (ስሜት ከልክ በላይ ለሚወጣበት ጊዜ) ጎበዝ መድኃኒት ነው፣ ጣጣው ጽንስ ላይ ነው። እናቶቻቸው በእርግዝና ከወሰዱት 100 ልጆች 10 ያህሉ የአካል ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፣ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደሞ ንግግርና ትምህርት ይዘገይባቸዋል። "ሳረግዝ አቆማለሁ" እንዳትይኝ፣ የህፃኑ ህብለ ሰረሰር የሚሰራው በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ነው፣ ያኔ እኮ ማርገዝሽንም ላታውቂ ትችያለሽ! ስለዚህ መድኃኒቱ ተቀይሮ እስኪረጋጋ መከላከያ ተጠቀሚ።

ወንድምሽ አያረግዝም፣ ልዩነቱ እሱ ነው። ግን እሱንም ዝም ማለት አልነበረባቸውም፣ ቫልፕሮኤት የወንድንም ዘር ሊቀንስ ስለሚችል እንግሊዝ በ2024 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ከ55 ዓመት በታች ለሆነ ወንድም ሴትም ሁለት ስፔሻሊስት ካልተስማማ አዲስ አይጀመርም ብላ ነበር። ልጅ ሲያስብ ይጠይቅ።

ሊቲየምም መልአክ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የጽንሱን ልብ የመንካት ትንሽ ስጋት አለው፣ ከቫልፕሮኤት ግን በጣም ይሻላል። መጠኑን ለማየት የደም ምርመራ ታደርጊያለሽ፣ ማታ ከወሰድሽው 12 ሰዓት ቆይቶ ጠዋት፣ ኩላሊትና ታይሮይድም በየ6 ወሩ ይታያል (ታይሮይዱ ሴቶችን ይበልጥ ያስቸግራል)። ጾም ላይ ውሃ ሳትጠጪ ከዋልሽ ወይ ተቅማጥ ከያዘሽ የሊቲየሙ መጠን ደም ውስጥ ከፍ ይላል፣ ለራስ ምታት ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ወይ አይቡፕሮፌን ገዝቶ መዋጥም እንደዛው። እጅሽ ክፉኛ ከተንቀጠቀጠ፣ ካስመለሰሽ፣ ስትራመጂ ከተንገዳገድሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ የዛኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ።

ለእናትሽ፦ ጸበሉን ትግባ፣ መድኃኒቷንም ትዋጥ፣ አይጣሉም በያት። እጮኛሽንም ቀጣይ ቀጠሮ ላይ ይዘሽው ሂጂ፣ በተለይ ከወሊድ በኋላ ያሉት ሳምንታት ህመሙ የሚነሳበት ጊዜ ስለሆነ ሌሊት ህፃኑን ማን እንደሚይዝልሽና አንቺ መቼ እንደምትተኚ ከወዲሁ ይስማ።